የድሮ ቀለም ከፕላስቲክ ሞዴል ላይ ለማስለቀቅ የቱ ይሻላል? ጎጃም ውስጥ በእጃችን ያለውን ማወዳደር

ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ዳኮታ ቆማለች። ዲሲ-3፣ በ1/72 ልኬት የተሠራች የፕላስቲክ አውሮፕላን ናት። የእውነተኛዋ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ነው፤ የኔዋ 40 ሳንቲሜትር ያህል ትዘረጋለች። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ የመጣው ኪት፣ ማለትም ክፍሎቹ ተለያይተው የሚመጡ ሞዴል ነው። ገና ልጅ ሆኜ ደብረ ማርቆስ እያለሁ ገጣጠምኳት። በወፍራም ብሩሽ፣ አንዱ ቀለም ሳይደርቅ ሌላውን እየደረብኩ ቀባኋት። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ ነጭ ቀለም ከላይ ደረብኩበት። አሁን የመስኮቶቹ ጠርዝ አይታይም። አካሏ ላይ የነበሩት እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ሁሉ ተደፍነዋል።

የምፈልገው የኢትዮጵያ አየር መንገድን የድሮ መልክ ልሰጣት ነው። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በዚህችው አውሮፕላን ወታደራዊ ስሪት፣ በሲ-47 ነው። ያ የድሮ መልክ ብርማ ነው፤ ብርማ ቀለም ደግሞ ከሥሩ ያለውን እብጠት ሁሉ ያሳብቃል። ስለዚህ የድሮው ቀለም መነሣት አለበት።

እዚህ ባሕር ዳር ለሞዴል ሥራ ብቻ የተከፈተ ሱቅ አላውቅም። ያለን መድኃኒት ቤት፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ፣ የቀለም ሱቅ እና የሰፈር ሱቅ ነው። ደግነቱ ይበቃል። የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ከነዚህ አራት ቦታ ይገኛል። ችግሩ፣ ፕላስቲኩን የሚያጠፋውም ከነዚሁ አራት ቦታ መገኘቱ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች እነዚህን ነገሮች ሲያወዳድሩ ብዙ ጊዜ ፍጥነትን ያስቀድማሉ። የነሱ ኪት ቢበላሽ ሌላ ይገዛሉ። የኛ ከተበላሸ ግን ሌላ ዘመድ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ፕላስቲኩን ይነካል ወይስ አይነካም የሚለውን ነው። ሦስት ቀን ቢፈጅ ምንም አይደለም።

መጀመሪያ ቀለሙን እወቁት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "የቱ ማስለቀቂያ ጎበዝ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያለው ግን ቀለሙ ላይ ነው።

የሞዴል ቀለም በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። አክሪሊክ፣ ኢናሜል እና ላኬር። አክሪሊክ በውሃ ወይም በአልኮል የሚቀጥነው ነው፤ የታሚያ ትንንሽ ብልቃጦችና ቫሌሆ ከዚህ ወገን ናቸው። ኢናሜል የዘይት ቀለም ነው፤ የሃምብሮል ትንንሽ ቆርቆሮዎች የታወቁበት እሱ ነው። ላኬር ደግሞ በኃይለኛ ቲነር የሚቀጥነው፣ ሲደርቅ የሚጠነክረው ነው። ብዙ የመኪና ስፕሬይ ቀለም እዚሁ አጠገብ ይመደባል።

ቆርቆሮው ከጠፋ፣ ወይም እንደኔ ምን እንደቀባችሁ ከረሳችሁ፣ በጥጥ ፈትሹት። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ንከሩ። ከሥር በኩል፣ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል እሹ። ጥጡ ቀለም ከያዘ ወይም ቀለሙ ከተጨማደደ አክሪሊክ ነው። ምንም ካልሆነ እርጥቡን ጥጥ እዚያው አስቀምጡና ከሩብ ሰዓት በኋላ እዩት። አሁንም ንቅንቅ ካላለ ኢናሜል ወይም ላኬር ነው ብላችሁ ያዙ።

የኔ ዳኮታ ላይ ስሞክር ነጩ ወዲያው ጥጡ ላይ መጣ። ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ግን አልተነቃነቀም። ሁለት ዓይነት ቀለም፣ አንዱ ባንዱ ላይ። እንዲህ ዓይነቱ በጣም የተለመደ ነው፤ ሁለት ዙር ሥራ ይጠይቃል።

ከዚህ ጋር አንድ ፈተና ጨምሩ። ኪቱ ሲመጣ ክፍሎቹ የተያያዙበት የፕላስቲክ ፍሬም አለ አይደል? እሱን አትጣሉት። የመረጣችሁት ፈሳሽ ውስጥ ቁራጩን ለአንድ ሌሊት ዘፍዝፉት። ጠዋት በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት፣ ጎንበስ አድርጉት። ከለሰለሰ፣ ከተጣበቀ ወይም እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ካለ ያ ፈሳሽ ለናንተ አይሆንም።

አልኮል፦ የመጀመሪያው ምርጫ

ለአክሪሊክ ቀለም ከአልኮል የተሻለ አላገኘሁም። ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን ነው፤ አልኮል ፖሊስታይሪንን አያሟሟም። ቀለሙን ግን ያሳብጠዋል፣ ያላቅቀዋል። የታሚያ አክሪሊክ ራሱ አልኮል ያለበት ስለሆነ እንዲያውም ይሟሟል። የቫሌሆ ዓይነቱ አብጦ እንደ ስስ ላስቲክ ይገፈፋል።

ነጩን ቀለም ያስለቀቅሁት በዚህ ነው። ክንፏን ሰፋ ባለ የምግብ ዕቃ ውስጥ አስተኝቼ አልኮል አፈሰስኩበትና ክዳኑን ገጠምኩ። ሃያ ደቂቃ አልሞላም። የፈላ ወተት ላይ ስልባቦት ሲቆም አይታችኋል? ቀለሙ ልክ እንደዚያ ተሸበሸበ። በጥርስ ብሩሽ ቀስ ብዬ ስነካው አንድ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ተንከባሎ መጣ። ማሸት እንኳ አላስፈለገም።

የአልኮሉ መጠን ለውጥ ያመጣል። መድኃኒት ቤት የሚሸጠው 70 በመቶ ነው፤ ለብዙው ሥራ ይበቃል፣ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሌሊት ሊፈልግ ይችላል። ከ90 በመቶ በላይ ያለው ይፈጥናል። ኤታኖልም ሆነ አይሶፕሮፒል ለዚህ ሥራ ብዙ አይለያዩም። ያገኛችሁትን ውሰዱ።

የእጅ ሳኒታይዘርስ? በቸገረ ጊዜ ይሠራል። ጄሉ እንዲያውም የአንድ ቦታ ቀለም ብቻ ለማንሣት ይመቻል፤ ቀብታችሁ ስትተዉት አይፈስም። ግን ውስጡ ግሊሰሪንና ማወፈሪያ ስላለ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል። በኋላ በደንብ መታጠብ አለበት።

አረቄ ይሆን እንደሆነ የሚጠይቅ አይጠፋም። የጎጃም የዳጉሳ አረቄ ስሙ የታወቀ ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞክሬዋለሁ። ተራ አረቄ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ስስ አክሪሊክን ከብዙ ሰዓት በኋላ ለስለስ ከማድረግ አያልፍም። ኢናሜል ላይ ምንም አያደርግም። ለዚህ ሥራ ማባከን ነው፤ የመድኃኒት ቤቱን ግዙ።

የአልኮል ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። እሳት። 70 በመቶው እንኳ በተራ የክፍል ሙቀት የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። እኛ አገር መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ እጃችን የሚሄደው ወደ ሻማ ነው። እባካችሁ፣ የተከፈተ አልኮል ባለበት ክፍል ሻማ አታብሩ። ቡና የሚፈላ ከሆነም ከሰሉ አጠገብ አትሥሩ። እኔ መብራት ሲሄድ ክዳኑን ገጥሜ ዕቃውን በረንዳ አወጣለሁ። ሥራው ነገም ይደርሳል።

ዴቶል፦ ቀርፋፋ ግን ደግ

ዴቶል ቁስል ማጠቢያ ነው ብለን ነው የምናውቀው። ውስጡ ግን የጥድ ዘይትና አልኮል አለ፤ አክሪሊክ ቀለምን በደንብ ያላቅቃል። ከአልኮል የሚበልጥበት ነገር ቶሎ አለመትነኑ ነው። ሞቃት በሆነው የባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ አልኮል ከክዳን ሥር እንኳ ይጎድላል። ዴቶል እንዳለ ይቆያል። አንድ ሌሊት ዘፍዝፋችሁ ጠዋት ትመለሳላችሁ። ከ24 ሰዓት ግን አታስበልጡት።

አንድ ወጥመድ አለው፤ የማያውቅ ሰው ሁሉ ይወድቅበታል። ከዴቶሉ አውጥታችሁ በቀጥታ ውሃ ሥር ካደረጋችሁት የለሰለሰው ቀለም ወደ ሙጫ ይለወጣል። በየመስመሩ ገብቶ ይጣበቃል፣ ብሩሹን ያበላሻል፣ እጅ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ማሸቱን እዚያው ዴቶሉ ውስጥ ጨርሱ። ከዚያ ሌላ ንጹሕ ዴቶል ውስጥ አንዴ ነከር አድርጉት። ውሃና ላርጎ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽታው ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ቤተሰብ ካላማረረ ችግር የለውም። ከአልኮልና ከዴቶል አንዱን ምረጥ ብባል አልኮልን እመርጣለሁ። ሞዴሉ በጣም ብዙ ንብብር አክሪሊክ ካለው ግን ዴቶል ይሻላል፤ ውስጡ ድረስ ለመግባት ጊዜ ያገኛል።

ኢናሜል ሲሆን፦ የፍሬን ዘይት ወይስ ኮስቲክ ሶዳ?

ዋናው ውድድር ይሄ ነው። ብዙ የድሮ ሞዴል የተቀባው በኢናሜል ነውና።

ኢናሜል ለምን እንደሚያስቸግር ልንገራችሁ። ውስጡ የሚደርቅ ዘይት አለ፤ ተልባ ዘይት ዓይነት። ተልባ ዘይት እንጨት ላይ ቀብታችሁ ብትተዉት ከቀናት በኋላ ስስ ቆዳ ያበጃል። ውሃ ስለተነነ አይደለም፤ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለተዋሐደ ነው። ኢናሜልም እንዲሁ ነው። አንድ ሳምንት የሆነው ገና ለስላሳ ነው። አሥር ዓመት የሆነው እንደ ድንጋይ ነው። አልኮል ትኩሱን ኢናሜል ሊያነሣው ይችላል፤ የቆየውን ግን አይደፍረውም።

የፍሬን ዘይት ይህን ሰብሮ ይገባል። መለዋወጫ ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ "ለየትኛው መኪና ነው?" ማለቱ አይቀርም። ዶት 3 ወይም ዶት 4 በሉት። እነዚህ ግላይኮል ያለባቸው ናቸው። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ቀለም አያስለቅቅም፣ ገንዘባችሁን ታባክናላችሁ። ያልተከፈተ ትንሽ ጠርሙስ ግዙ። ጋራዥ ውስጥ ከመኪና የወጣ አሮጌ በነፃ ሊሰጧችሁ ይችላሉ፤ አትውሰዱት፤ ውሃና ቆሻሻ የጠጣ ነው።

ሞዴሉን ሙሉ በሙሉ እንዲሸፍነው አድርጋችሁ ዘፍዝፉ። ከጥቂት ሰዓት እስከ ሁለት ቀን ሊፈልግ ይችላል። በየስድስት ሰዓቱ እዩት። ቀለሙ እንደ አሮጌ ግድግዳ እየተቀረፈ ይመጣል። ላኬር ላይም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚሠራው እሱ ነው፤ እዚህ ኮስቲክ ሶዳ አይወዳደረውም።

ጉዳቱስ? መርዝ ነው። በቆዳም ይገባል፣ ስለዚህ የጎማ ጓንት ግዴታ ነው። የጠረጴዛ ቀለም ላይ ጠብ ካለ የጠረጴዛውንም ይልጣል። አንዳንድ የድሮ ፕላስቲክ ደግሞ እሱ ውስጥ ብዙ ከቆየ ተሰባሪ ይሆናል። ከፕላስቲክ ይልቅ ከሬዚን (በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ከሚጠነክር ሙጫ መሰል ነገር) የተሠራ ክፍል ካለ አታስገቡት፤ አንዳንዱ ሬዚን አብጦ ይጣመማል። አወጋገዱም ያስቸግራል።

ኮስቲክ ሶዳ ሌላ መንገድ ነው። ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ያውቁታል። ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ ሲገናኙ ሳሙና ይሆናሉ። ኢናሜሉም ውስጥ ዘይት አለ ብለናል። ስለዚህ ሶዳው ቀለሙን ቀስ በቀስ ወደ ሳሙና ይለውጠዋል ማለት ነው። ውሃው ውስጥ እጃችሁን ባታስገቡም በብሩሹ ጫፍ ማንሸራተቱ ይታወቃችኋል። ፖሊስታይሪን ግን ዘይት የለበትም፤ ሶዳው አይነካውም። የኔን ልብ የሳበው ይህ ነው። የፍሬን ዘይት ፕላስቲኩን ያደርቀው ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ሶዳ ላይ ያ ስጋት የለኝም።

ግን ሰውን ይነካል፤ ክፉኛ። አንዲት ጠብታ ዓይን ውስጥ ብትገባ ዓይን ታጠፋለች። መነጽር ሳታደርጉ ክዳኑን እንኳ አትክፈቱ። አሠራሩ እንዲህ ነው። 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በፕላስቲክ ባልዲ። 50 ግራም ሶዳ በዝግታ ውሃው ላይ ጨምሩ፣ በእንጨት አማስሉ። ሶዳው ላይ ውሃ ማፍሰስ ፈጽሞ አይቻልም፤ ፈልቶ ይረጫል። ውሃው ራሱን በራሱ ይሞቃል፤ እስኪበርድ ጠብቁ። የአልሙኒየም ድስት አትጠቀሙ፤ ሶዳው አልሙኒየሙን ይበላዋል፣ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ሩብ ሰዓት አጥባችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ታዲያ የቱ? ቤት ውስጥ ሕፃናት ካሉ ሁለቱንም ይቅርባችሁ እላለሁ፤ ወይም ቁልፍ ያለው ቦታ አግኙ። ለብቻችሁ የምትሠሩ፣ እጃችሁ ያልቸኮለ ከሆነ ለኢናሜል ኮስቲክ ሶዳ ይሻላል። ቀለሙ ላኬር ወይም የመኪና ስፕሬይ ከሆነ፣ ወይም ምን እንደሆነ ካልታወቀ፣ የፍሬን ዘይት።

የደብረ ማርቆስ፣ የእንጅባራና የቢቡኝ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁሉም ፈሳሽ በብርድ ይዘገያል። ባሕር ዳር በአንድ ሌሊት የሚያልቀው እናንተ ጋ ሁለት ሊፈልግ ይችላል። የፍሬን ዘይት ወይም ዴቶል ከሆነ የተዘጋውን ዕቃ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ይረዳል። ምድጃ ላይ መጣድ ግን የለም። አልኮል ደግሞ ጭራሽ አይሞቅም።

በረኪና ለአንድ ሥራ ብቻ

የመኪና ሞዴል ያለው ሰው ያውቃል፤ መከላከያውና የጎማው ቸርኬ እንደ መስታወት የሚያበራ ክሮም ሆኖ ይመጣል። ያ ክሮም በእውነቱ እጅግ ስስ የአልሙኒየም ሽፋን ነው። ቢጫ ሲሆን ወይም ሲላጥ ያስጠላል። በረኪና ውስጥ ጣል አድርጉት። በዓይናችሁ ፊት ይጠፋል፤ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከሥሩ ቢጫ ቫርኒሽ መሰል ነገር ከቀረ በአልኮል ወይም በፍሬን ዘይት ይነሣል።

ለተራ ቀለም በረኪና ከንቱ ነው። ሰዎች "ሁሉን ያነጣል" ብለው ይሞክሩታል። ቀለም ያደበዝዝ ይሆናል እንጂ አያስለቅቅም።

ሌላው ቢረሳ ይህ አይረሳ፦ በረኪናን ከምንም ጋር አትቀላቅሉ። ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ፣ ከሽንት ቤት አሲድ፣ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ፣ ከአልኮል፣ ከዴቶል። አንዳንዱ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይሰጣል። አንዱን ከጨረሳችሁ ሞዴሉን በውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ።

እጃችሁን የማታስገቡባቸው

ቲነር። አሴቶን። ቤንዚን። ከመኪና ብረት ላይ ቀለም ለማንሣት የሚቀባው ማስለቀቂያ። እነዚህ ፖሊስታይሪኑን ራሱን ያሟሟሉ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም "አሴቶን የለበትም" ቢል እንኳ አይታመንም፤ በምትኩ የገባው ነገርም ፕላስቲክ ይበላል።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። በ1/35 የተሠራች ጂፕ ነበረችኝ። ቀለሟን ላንሣ ብዬ ከቀለም ሱቅ ቲነር ገዛሁ። ሻጩ "ይሄ የማያነሣው ቀለም የለም" አለኝ፤ ልክ ነበር። በሁለት ደቂቃ ቀለሙ ተነሣ፤ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ደቂቃ የጥርስ ብሩሹ ኮፈኑ ላይ መስመር መስመር እየጣለ እንደሆነ አየሁ። ለካ እየፋቅሁ የነበረው ፕላስቲኩን ነው። የጎማው መሸፈኛ እንደ ሊጥ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ስትደርቅ ተመልሳ ጠነከረች፣ ግን ቅርጿ ጠፍቶ ነበር። እስካሁን አለችኝ፤ አዲስ ፈሳሽ የምፈትነው በሷ ላይ ነው።

ላምባስ? ፕላስቲኩን እንደ ቲነር አያሟሟም። የደረቀ ቀለምም ግን አያነሣም። በዚያው ቀን የተቀባ ኢናሜል ከተበላሸባችሁ ለመጥረግ ይጠቅማል። ከዚያ ያለፈ ሥራ የለውም፤ ቅባቱም በላርጎ በደንብ ካልታጠበ አዲሱ ቀለም አይዝም።

ብሩሽ፣ መፋቂያ፣ ብርጭቆ ወረቀት

ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ለመስመሮቹና ለጠባብ ጥግ ግን ከመፋቂያ የሚበልጥ የለም። የወይራ መፋቂያ ጫፉን አኝካችሁ ስታፍረከርኩት ከየትኛውም ብሩሽ የተሻለ ይሆናል፤ ጥግ ድረስ ይገባል፣ ፕላስቲኩን አይጭርም። ማኘኩ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው። አንዴ ፈሳሹን ከነካ ወደ አፍ አይመለስም፤ ያን ቀን ይጣላል። መርፌና ቢላ አትጠቀሙ።

ብርጭቆ ወረቀት ፈሳሽ ማግኘት ላልቻለ ሰው አማራጭ ይመስላል። ለጠፍጣፋ ቦታ፣ 800 ወይም 1000 ቁጥር፣ በውሃ እያረጠቡ፣ እሺ። ለአውሮፕላን አካል ግን አይሆንም፤ ቀለሙን ስታነሡ መስመሩንም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ደረቅ አድርጋችሁም አትፈትጉ። የድሮ ኢናሜል እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት (ሊድ) ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ሌላም ምርጫ አለ፤ ማንም አያነሣውም እንጂ። ቀለሙን መተው። ስስ ከሆነ፣ መስመሮቹ ከታዩ፣ ካልተላጠ፣ በላርጎ አጥባችሁ፣ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ አድርጋችሁ ላዩ ላይ ቀቡ። መልኩ ስላስጠላችሁ ብቻ አታስለቅቁ። ማስለቀቅ የሚያስፈልገው ቀለሙ ወፍሮ ቅርጹን ሲሸፍን ነው።

ከመዘፍዘፋችሁ በፊት

ግልጽ ክፍሎችን አውጡ። መስኮትና የአብራሪው መስታወት አልኮል ውስጥ ሲቆዩ ውስጣቸው ስንጥቅጥቅ ሊል ይችላል፤ ያ ደግሞ አይጠገንም። እነሱን በእርጥብ ጥጥ ብቻ እሹ።

በሱፐር ግሉ የተጣበቀ ነገር ሊላቀቅ ይችላል። በፕላስቲክ ማጣበቂያ የተጣበቀ ግን ፕላስቲኩ ቀልጦ ስለተዋሐደ አይለቅም። ትንንሽ ክፍሎች ዕቃው ሥር እንዳይጠፉ ፈሳሹን ስትደፉ በማጥለያ ይሁን።

ፈሳሹን ሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጡ። ይህን ደጋግሜ ነው የምናገረው። አልኮልም ሆነ በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ሲቀመጥ ውሃ ይመስላል። የጠማው ልጅ አያሸትም፤ ይጠጣል። ፈሳሹ በመጣበት ጠርሙስ ይቆይ፣ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ያገለገለ አልኮል አይደፋም። ሁለት ቀን ቢቀመጥ ቀለሙ ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን በጨርቅ አጥልላችሁ ደግማችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። የፍሬን ዘይትም እንዲሁ ብዙ ዙር ይሠራል። ሲያበቃለት ግን ወደ ቦይ አታፍስሱት። የባሕር ዳር ቦይ መጨረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው። ያገለገለ ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ ጠይቁ። የዘቀጠውን ቀለም አድርቃችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣሉት።

ማጠቢያው ለብ ያለ ውሃ ይሁን። ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ደብረ ማርቆስ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያም ቢሆን ለቀጭን ክንፍ ይበዛል፤ ይጎብጣል። ፀሐይ ላይም አታስጡት። ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይድረቅ። በክረምት ሁለት ቀን ስጡት።

ዳኮታዋ

ነጩን በአልኮል ካነሣሁ በኋላ አረንጓዴው ቀረ። ኢናሜል ነበር፤ ያውም ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ። የፍሬን ዘይት ገዝቼ ነበር፤ ተውኩት። መጀመሪያ የጅራቷን ክንፍ ብቻ ለይቼ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ አሳደርኩ። ጠዋት ቀለሙ ተንሸራቶ ወረደ። ፕላስቲኩ እንደነበረ ነው፤ አልለሰለሰም፣ አልተሰነጠቀም። በማግሥቱ ትልቁን ክንፍ አስገባሁ። ሁለት ሌሊት ፈጀ። በመፋቂያ መስመሮቹን አንድ በአንድ ተከተልኳቸው፤ ተደፍነው የነበሩት ሁሉ ተመለሱ።

ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ከቀለሙ ሥር፣ አንድ ነገር አገኘሁ። ትንሽ የአውራ ጣት አሻራ። ያኔ ማጣበቂያ በነካው ጣቴ ይዣት ኖሮ ፕላስቲኩ ቀልጦ አትሞታል። አሁን ከጣቴ ጋር ሳስተያየው ግማሹን እንኳ አይሞላም። በብርጭቆ ወረቀት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እሱን ትቼ የመጀመሪያውን ቀለም ቀባሁባት።